ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ፍሬ



ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መታሰቢያ በሚታተመው በዚህ መጽሔት ላይ፥ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እያንዳንዳችን የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ከጓደኞቼ የሚበዙት የነገሥታትንና የጦር አበጋዞችን ስም መረጡ። ምርጫቸው መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን ዝናቸውን ከወንዝ ዳር፥ ከቀንድ አውጣና ከልብስ አጣቢ ሴቶች መካከል ያገኙትን የሳይንስ ሰው፥ ዶክተር አክሊሉ ለማን መረጥኩ። ለዚህም ምክንያት አለኝ፤ ምክንያቴም ከቤታችን የተነሣ ስለሆነ አስቀድሜ ብናገረው ይሻላል።

ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር፥ ያን ጊዜ የሦስት ዓመት ልጅ የነበረችውን ታናሽ እኅቴን ብርቱ ተቅማጥ ያዛት። ቤታችን በአቃቂ ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ ነው። የአቃቂ ወንዝ ትልቁም ትንሹም የአዲስ አበባን ከተማ አቋርጦ፥ የከተማውን እድፍ ተሸክሞ ወደ እኛ ይወርድና አባ ሳሙኤል በተባለው የግድብ ሐይቅ ውስጥ ይገባል። በዳርና በዳሩ ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ በዚሁ ውኃ ይለማል፤ ልጆችም በዚያው ይጫወታሉ። እናቴ ልጅቱን አዝላ ወደ ሕክምና ወሰደቻት። ዓይነ ምድሯ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወስፋት እንቁላል ተገኘበት፤ የወስፋት መድኃኒት ተሰጣት፤ እናቴም እንግዲህ ጠላቱ ታወቀ ብላ ደስ ብሏት ተመለሰች። ዳሩ ግን ተቅማጡ አልቆመም፤ ይባስ ብሎ ትኩሳትና ደም ተጨመረበት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ጎድጉዶ፥ ስታለቅስ እንባ አልወርድ አላት። በሌሊት ወደ ሌላ ሆስፒታል ተወሰደች። ሕይወት አድን የሚባለውን ስኳርና ጨው ያለበትን ውኃ እናቴ በማንኪያ እያጠጣቻት ነጋ። ዓይነ ምድሯም በላቦራቶሪ ተዘርቶ ከሁለት ቀን በኋላ ሺጌላ የተባለው ባክቴሪያ በቀለበት።

በሆዷ ውስጥ የነበሩት ጠላቶች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ትል፥ ሁለተኛው ባክቴሪያ። በመጀመሪያ የመረመራትን ሰው ማንም ሊወቅሰው አይገባም፤ ማይክሮስኮፕ የወስፋትን እንቁላል፥ አሜባንና ጃርዲያን ወዲያው ያሳያል፤ ባክቴሪያን ግን ካልዘሩትና ካላበቀሉት በቀር አንዱን ከሌላው ለይቶ አይናገርም። የተገኘው ጠላት ያልተገኘውን ይሸፍነዋል። ውኃው ባልጸዳበት፥ መጸዳጃ በጎደለበት ሰፈር የሚያድግ ሕፃን ሁለቱንም ዓይነት በአንድ ቀን፥ በአንድ ኩባያ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። እኅቴ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፤ ዛሬ በግቢያችን ካሉት ልጆች ሁሉ ይልቅ የምትሮጠው እርሷ ናት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ግን ስለ ሆድ ትላትልና ስለ ባክቴሪያ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ፤ የሥነ ሕይወት መምህራችንም ይህን አይተው ስለ ዶክተር አክሊሉ እንዳነብ መከሩኝ።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽኩ በቀር በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1928 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጀመሪያ ነው። በተወለዱ ገና ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው፥ መስከረም 22 ቀን፥ የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ፤ አውሮፕላኖቹም በዚያው ቀን አድዋን በቦምብ ደበደቡ። ያን ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልሎ የነበረው ሕፃን ካደገ በኋላ ስሙ ከዚያችው ከአድዋ ከተማ ጋር ለዘለዓለም ይተሳሰራል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ስለ ልጅነታቸው ረጅም ወሬ አላቀርብም። ዘመኑ ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ የተማረ ሰው አጥታ፥ ልጆቿን ወደ ውጭ አገር እየላከች የምታስተምርበት ጊዜ ነበር። አክሊሉም በአሜሪካ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ስሙ በገነነው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ማዕርግ አገኙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ብዙ ሰው ዶክተር ሲባል በሽተኛ የሚያክም ሐኪም ይመስለዋል። ዶክተር አክሊሉ ግን ትምህርታቸው በሰው ሥጋ ውስጥ ተጠግተው ስለሚኖሩት ተሕዋስያንና እነዚያን ተሸክመው ስለሚያመላልሱት ፍጥረታት ነበር። ሐኪም የታመመውን ሰው ያያል፤ እርሳቸው የተማሩት ግን ሰውዬው የታመመበትን ወንዝ ማየት ነው።

በዚያው ዓመት የ29 ዓመት ጐልማሳ ሳሉ ወደ አድዋ ወረዱ። የሄዱበትም ጉዳይ ቢልሃርዝያ ነበር።

ይህን በሽታ በደንብ ካላወቅን የሰውዬውን ሥራ አናውቀውምና ጥቂት ልግለጽ። ስሙን ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ ከተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን እርሱ ትሉን በካይሮ ከሞተ ሰው አስከሬን ያገኘው በ1851 ነው። በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት የአንጀቱ ነው። ትሎቹ ርዝመታቸው አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ በአንጀት ዙሪያ ባሉት የደም ሥሮች ውስጥ ይኖራሉ፤ ወንዱ ሴቲቱን በሆዱ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ታቀፈ ለብዙ ዓመት አብረው ይቆያሉ። ሴቲቱ በቀን በመቶ የሚቈጠር እንቁላል ትጥላለች። እያንዳንዱ እንቁላል በጐኑ እሾህ አለው፤ በአንጀት ግድግዳ አልፎ ሲወጣ ያቆስላል፤ ስለዚህም ልጁን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይይዘዋል። የሚበዛው እንቁላል ደግሞ ሳይወጣ በአንጀትና በጉበት ተቀብሮ ይቀራል። በዓመታት ውስጥ ጉበት ይጠጥራል፥ ጣፊያ ያብጣል፥ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል። ልጁ በትምህርት ቤት ሲያንቀላፋ ሰነፍ ይባላል፤ ደሙ ግን እያለቀ ነው።

ከሰው የወጣው እንቁላል ከውኃ ሲደርስ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣችው እጭ ግን ቀጥታ ወደ ሰው መመለስ አትችልም። ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፥ ጠፍጣፋና እንደ ሳንቲም የተጠቀለለ ትንሽ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለባት፤ ካላገኘች በጥቂት ሰዓት ውስጥ ትሞታለች። ካገኘች ግን በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ አንድ ወር ያህል ተቀምጣ በሺህ ትባዛለች፤ ጅራታቸው ሹካ የሚመስል ልጆቿም ፀሐይ ሲሞቅ እየጎረፉ ወደ ውኃው ይወጣሉ። ሰዓቱም ወደ ቀትር ገደማ ነው። ቀትር ደግሞ ልጆች የሚዋኙበት፥ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ሰዓት ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቆዳ በስተው ይገባሉ፤ መጠጣትም አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል።

እኛ በአቃቂ ሆነን ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን የአቃቂ ውኃ አባ ሳሙኤልን አልፎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወርዶ የወንጂን ሸንኮራ ያጠጣል፤ በወንጂ የመስኖ ቦዮችም ቢልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ነው። በዝዋይ ሐይቅ ዳርና በጣና ዳርም እንደዚሁ።

እንግዲህ ይህን ክብ ለመቍረጥ የሚቻለው ከሦስት ቦታ ባንዱ ነው፤ ወይ ትሉን በሰው ሆድ ውስጥ መግደል፥ ወይ ዓይነ ምድር ከውኃ እንዳይደርስ ማድረግ፥ ወይ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት። በዚያን ዘመን ለትሉ የነበሩት መድኃኒቶች ራሳቸው በሽተኛውን የሚጎዱ ነበሩ። የቀንድ አውጣ መርዝ የሚሠሩት የውጭ አገር ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ዋጋውም ድኻ አገር የሚችለው አልነበረም።

ዶክተር አክሊሉ በአድዋ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ ሲፈልጉ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡ አዩ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እንዶድን የማያውቅ አንባቢ በዚህ አገር አይኖርም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ የሳሙና ፋብሪካ ሳይኖር ለብዙ መቶ ዓመታት የኢትዮጵያን ሸማ ነጭ አድርጎ ያኖረው እርሱ ነው። የፍሬው ዘለላ ተለቅሞ ይደርቃል፥ ይወቀጣል፥ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። እናቴም እስከ ዛሬ ድረስ የጥምቀትን ቀሚሷን በሌላ ነገር አታሳጥብም፤ የሱቅ ዱቄት ጥለቱን ያደበዝዘዋል ትላለች።

ወጣቱ ሊቅ ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው። ከሚታጠብበት ስፍራ በላይ ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት አሉ፤ ከሚታጠብበት በታች፥ አረፋው በሚወርድበት፥ ብዙዎቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ነገሩን ለመፈተን ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ ካደረጉ በኋላ ከሴቶቹ የእንዶድ ውኃ ተቀብለው ጨመሩበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ነገሩ በዚህ ተጀመረ። የተለየ መሣሪያ አልነበረም፤ ዕቃና አረፋ ብቻ።

እኔ ይህን ሳነብ ብዙ ጊዜ ያሳሰበኝ ጥያቄ አለ። ከአክሊሉ በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ያለፉ ሰዎች ስንት ናቸው? የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያላየ ማን ነበር? ሴቶቹማ በየሳምንቱ ያዩአቸው ነበር። የታየው ነገር አዲስ አልነበረም፤ ከበሽታው ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም። ሴቶቹ እንዶዱን ያውቁ ነበር፥ የቀንድ አውጣውን ወንጀል አያውቁም፤ የውጭ አገር ሊቃውንት የቀንድ አውጣውን ወንጀል ያውቁ ነበር፥ እንዶድን አያውቁም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው እርሳቸው ነበሩ፤ ከእነዚሁ ሴቶች አገር ተወልደው የሊቃውንቱን ትምህርት ስለ ተማሩ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በላቦራቶሪ ሲመረምሩ፥ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ግራም የማይሞላ የደረቀ እንዶድ ቀንድ አውጣውን በአንድ ቀን እንደሚገድለው አረጋገጡ። የመጀመሪያውንም ሪፖርት በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። በ1966 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፥ ማለትም በዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ተቋሙ የአገሪቱን በሽታዎች በአገሪቱ ልጆች እንዲያስመረምር የታሰበ ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የአድዋ ሥራ ነው፤ እኔም ከታሪካቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ለአምስት ዓመት የተወቀጠ እንዶድ በአድዋ ወንዞች ውስጥ በመጠን እየተጨመረ፥ የሕዝቡ ዓይነ ምድር በየጊዜው ተመረመረ። ሥራው ሲጀመር ከመቶ ሰው 63ቱ ቢልሃርዝያ ነበረበት፤ ሲያልቅ ወደ 34 ወረደ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ግማሽ ድል ነው ብለህ አትለፈው። አሮጌው ትል በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር፥ ቀንድ አውጣ ቢጠፋም በሽታው ከትልልቆቹ ሰዎች በአንድ ጊዜ አይጠፋም። እውነቱ የሚታየው በሕፃናቱ ላይ ነው። ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ከሆነው መካከል በፊት ከመቶ 50ው ታማሚ ነበር፤ በኋላ 7 ብቻ ሆነ። እነዚህ ልጆች መድኃኒት ውጠው የዳኑ አይደሉም፤ መጀመሪያውኑ ሳይያዙ የቀሩ ናቸው። ይህንንም ያደረገው ሴት ሁሉ በጓሮዋ የምታውቀው ፍሬ ነው።

በዚህ ስፍራ ስለ እኅቴ ሕመም ወዳነሣሁት ነገር ልመለስ። ቢልሃርዝያ ብቻውን መጥፎ ነው፤ ከባክቴሪያ ጋር ሲገናኝ ግን የባሰ ተንኰል አለው። ሳልሞኔላ የተባሉት ባክቴሪያዎች፥ የአንጀት ተስቦን የሚያመጣው ወገናቸው ጭምር፥ በትሉ ቆዳና በሆዱ ዕቃ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ። ሐኪሙ የባክቴሪያውን መድኃኒት ሲሰጥ በደም ውስጥ ያሉት ይሞታሉ፤ ትኩሳቱም ይበርዳል፤ በትሉ ላይ የተሸሸጉት ግን ይተርፉና ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይነሣሉ። በሽተኛው እየዳነ እየታመመ ወራት ይቈጥራል። ይህ በግብጽና በብራዚል በብዙ በሽተኞች ላይ ታይቷል። መፍትሔው ትሉን ጭምር መግደል ነው፤ ምሽጉ ሳይፈርስ ወታደሩ አይማረክምና። እንግዲህ ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣውን ሲያሳድዱ የሚያስጥሉት ከአንድ በሽታ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ክፍል ግን ለንባብ ያስመርራል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከሚሠሩ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጋር ሆነው በእንዶድ ውስጥ ያለውን ገዳይ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ ንጥረ ነገሩም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። የአንድ ኢትዮጵያዊ ስም በኬሚስትሪ መጻሕፍት ውስጥ ገባ። ሥራው ወደ ሌሎች አገሮች እንዲስፋፋ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር፤ ድርጅቱም እንዶድ ለሰውና ለእንስሳ ጉዳት የሌለው መሆኑ በሠለጠኑት አገሮች ሕግና ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ እንዲመረመር ጠየቀ። ለነገሩ ጥያቄው ያለ ምክንያት አልነበረም። ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር ይገባዋል፤ እንዶድም ቀንድ አውጣን በሚገድለው መጠን ዓሣን ይገድላል፥ ለዓይንም ያቃጥላል፤ መልካምነቱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በስብሶ መጥፋቱ ነው። ነገር ግን ምርመራው ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ገንዘቡን ማን ይስጥ? የመድኃኒት ፋብሪካዎች በማንም ጓሮ በሚበቅል ቍጥቋጦ አይነግዱም። ገንዘብ ያላቸው መንግሥታት ደግሞ በመጀመሪያ ማረጋገጫው ይምጣ አሉ። ማረጋገጫው ያለ ገንዘብ አይገኝም፤ ገንዘቡም ያለ ማረጋገጫ አይገኝም። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

የአድዋው ጥናት ያለቀው በ1974 ነው፤ የእንዶድን ደኅንነት በካናዳ መንግሥት ድርጅት ርዳታ በታወቀ መንገድ መርምሮ ለሰው አስጊ አለመሆኑን ማሳየት የተቻለው ግን ወደ 1990 ገደማ ነው። በመካከሉ ያለውን ዓመት ራሳችሁ ቍጠሩ። በእነዚያ ዓመታት በአፍሪካ ወንዞች የዋኙትን ልጆች ቍጥር ግን ማንም ሊቈጥር አይችልም። በዚያው መካከል በአንድ ቀን የሚዋጥ ፕራዚኳንቴል የተባለ መልካም የትል መድኃኒት ስለ ወጣ፥ የዓለም ዓይን ከወንዙ ወደ ክኒኑ ዞረ። ክኒኑ ብዙ ሰው አድኗል፤ አልክድም። ነገር ግን ክኒን የዋጠ ልጅ በማግሥቱ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ብቻ ተቀብለዋል ማለት አይቻልም። የተናገሩትና የጻፉት እንደሚያሳየው፥ የአፍሪካ ሳይንቲስት በገዛ አገሩ ያገኘው እውነት በሌላ አገር ሰው እጅ እንደገና ካልተገኘ የማይታመን መሆኑ እጅግ ያሳዝናቸው ነበር። ቢሆንም ብቻቸውን አልነበሩም። ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የተባሉት የእርሻ ሊቅ ከኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው፥ እያነጻጸሩ ተክለው፥ ፍሬው የሚበዛውንና ኃይሉ የሚበረታውን መረጡ። እርሱም 44ኛ ቍጥር የተሰጠው ሲሆን እስከ ዛሬ በዚሁ ቍጥር ይጠራል። ስለ እኒህ ሰው ብዙ ሲነገር አልሰማሁም፤ ያለ እርሳቸው ግን እንዶድ የዱር ፍሬ ሆኖ በቀረ ነበር። በ1989 ሁለቱም በአንድነት፥ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በስቶክሆልም ከተማ ተቀበሉ። ከኢትዮጵያውያን ይህን ሽልማት ያገኙ የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው።

በዚያን ጊዜ ዶክተር አክሊሉ ከአገራቸው ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያገለግሉ ነበር፤ በመጀመሪያ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ልማት ጉዳይ፥ በኋላም በዩኒሴፍ ሥር በጣልያን አገር በፍሎሬንስ ከተማ በሚገኘው የሕፃናት ማእከል ምክትል ዲሬክተር ሆነው። የማእከሉ መሥሪያ ቤት ከመቶዎች ዓመታት በፊት ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ማሳደጊያ ይሆን ዘንድ የታነፀ ሕንፃ ነበር። በተወለዱ በሦስተኛው ሳምንት አገራቸውን የወረረው መንግሥት በነበረበት ምድር፥ ስለ ዓለም ሕፃናት ጤና ሲሠሩ መኖራቸው የታሪክን መገለባበጥ ያሳያል።

ከሽልማቱ በኋላ የሆነውን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1990 የአሜሪካው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው። ቶሌዶ በኢሪ ሐይቅ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በሐይቁ ውስጥ ያን ሰሞን፥ ሸንተረሩ የሜዳ አህያ የሚመስል ትንሽ ዛጎል ለበስ ፍጥረት ከኤውሮጳ በመርከብ መጥቶ እየተባዛ፥ የውኃ ቧንቧዎችን እየደፈነ ከተሞቹን አስጨንቆ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ስለ ችግሩ ሲሰሙ፥ ቀንድ አውጣን የሚገድል ይህንንስ ለምን አይገድልም ብለው አሰቡ። ከዩኒቨርሲቲው ሊቃውንት ጋር ሞከሩት፤ ገደለው። ሥራውም በባለቤትነት መብት ተመዘገበ። የአድዋን ሕፃናት ለመታደግ ሃያ አምስት ዓመት የለመነ ፍሬ የአሜሪካን ቧንቧ ለመክፈት ግን በጥቂት ወራት ተሰሚነት አገኘ። በዚህም ምክንያት፥ ከጥንት ጀምሮ እንዶዱን ጠብቆ ያኖረው የኢትዮጵያ ገበሬና ልብስ አጣቢዋ ሴት ከመብቱ ምን ድርሻ አላቸው የሚል ክርክር በዓለም ተነሣ። በእኔ አስተያየት ክርክሩ እስከ ዛሬ የሚገባውን መልስ አላገኘም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው፥ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. መጋቢት 27 ቀን ዐረፉ። በ1966 የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ተቋም ተብሎ በአዲስ አበባ በሰፈረ ሰላም ይገኛል፤ ወጣት ተመራማሪዎችም የሕፃናትን ተቅማጥ፥ የሆድ ትላትልንና ባክቴሪያን በዚያ ይመረምራሉ።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሴ በፊት እኔና ሦስት ጓደኞቼ በመምህራችን ፈቃድ የዶክተር አክሊሉን የመጀመሪያ ፈተና በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል ደገምነው። እንዶዱን ከአቃቂ ገበያ ከአንዲት አሮጊት ገዛን፤ ሴትዮዋ ለልብስ መስሏቸው እንዴት እንደሚዘፈዘፍ አስረዱን፤ እኛም ስለ ቀንድ አውጣ ለመንገር አፍረን ዝም አልን። በጓንት እጃችንን ሸፍነን ከወንዙ ዳር ሃያ ቀንድ አውጣ ለቅመን ዐሥር ዐሥሩን በሁለት ብርጭቆ ዕቃ ከፈልናቸው። ካንደኛው ጋር፥ ሳናውቅ፥ ገና ጅራታቸው ያልጠፋ አራት የእንቁራሪት ልጆች ገብተው ነበር፤ መምህራችን ባዩ ጊዜ ሁለቱን ወደ ሌላው ዕቃ እንድናዛውር አዘዙን። እንዶዱን ወቅጠን፥ በሚዛን ለክተን፥ ባንደኛው ዕቃ ጨመርን።

በማግሥቱ ጧት ከሰልፍ በፊት ሮጠን ሄድን። እንዶድ በሌለበት ዕቃ ቀንድ አውጣዎቹ በመስተዋቱ ላይ ወጥተው ይሄዱ ነበር። በሁለተኛው ዕቃ ዐሥሩም ከታች ወድቀው ነበር፤ ሁለቱ የእንቁራሪት ልጆችም በውኃው ላይ ተገልብጠው ነበር። ከጓደኞቼ አንዷ ለእንቁራሪቶቹ አዘነች። መምህራችን ሁለቱንም ውጤት በደብተራችን እንድንጽፍ አደረጉን፤ የአንዱን ዐሥር፥ የሌላውን ሁለት። ውኃውንም ወደ ወንዝ እንዳንደፋ ከልክለው ከአጥሩ ሥር ጕድጓድ አስቆፍረው አስደፉን።